«ተኩስ» ያላሉት ሻምበል ኤሎይሳ ባራሃስ

ሻምበል ኤሎይሳ ባራሃስ ከአባታቸው ከአቶ ፕላሲዶ ባራሃስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሚቲላ ሴርና፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1953 በኤል ፓሶ ከተማ፣ ከድንበሩ ወንዝ ጥቂት መንገዶች ብቻ በሚርቀው ሁለተኛው ሰፈር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። አባታቸው በመዳብ ማቅለጫው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። እናታቸው በሱሪ ፋብሪካ ዚፕ ይሰፉ ነበር። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበረች፤ አንዷን ክፍል ከታናሽ ወንድማቸው ከሂላሪዮ ጋር በመጋረጃ ተካፍለው አደጉ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈሩ የመነኮሳት ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በ1972 ሁለተኛ ደረጃን በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው አጠናቀቁ። ዩኒቨርሲቲም ተቀብሏቸው ነበር። በዚያው ዓመት ግን የሱሪ ፋብሪካው ሴቶች ሥራ አቆሙ፤ ወይዘሮ ዶሚቲላም ከመካከላቸው ነበሩ። አድማው ከዓመት በላይ ሲቆይ በቤቱ የቀረው የአባት ደመወዝ ብቻ ስለሆነ፣ ኤሎይሳ ዩኒቨርሲቲውን ትተው በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀጠሩ። ከሥራ ሲወጡ በፋብሪካው በር በኩል ያልፉና ለእናታቸው ምሳ ያቀብላሉ። አንድ ቀን እናታቸውን ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«እማዬ፣ ደክሞሻል። ለዛሬ እንኳን ወደ ቤት እንሂድ» አሏቸው።

«እግሬን ነው የሚያመኝ ልጄ፤ ሐሳቤን አላመመኝም» አሉ ወይዘሮ ዶሚቲላ፣ ጫማቸውን መልሰው እያጠለቁ።

ሴቶቹ በመጨረሻ የጠየቁትን አግኝተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኤሎይሳ ግን ከዚያ በኋላ በስልክ ማዞሪያው ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነላቸውም። በ1976 ጸደይ ወደ ሠራዊቱ የምልመላ ቢሮ ሄዱ። መልማዩ የሒሳብ ውጤታቸውን አይተው ተደሰቱና የጽሕፈት ሥራ አቀረቡላቸው።

«እኔ የመጣሁት ለአየር መከላከያ ነው» አሉ ኤሎይሳ።

«እሱ ለሴት አይመችም። ራዳር፣ ጄኔሬተር፣ በረሃ ነው።»

«በረሃ ውስጥ ነው የተወለድኩት።»

መልማዩ ሌላ ቀን ተመለሺ አሏቸው። ኤሎይሳ በማግስቱ ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው መጡና ከበሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረጉ። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ መልማዩ ተሸንፈው ቅጹን አወጡ። ማታ ለአባታቸው ሲነግሩ አቶ ፕላሲዶ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «ይሁን። አልጋ ማንጠፍ ያስተምሩሽ ይሆናል፤ እኛ ሃያ ሁለት ዓመት ሞክረን አልተሳካልንም» አሉ። በኋላ ጓሮ ወጥተው ብቻቸውን ሲያለቅሱ ያያቸው ሂላሪዮ ነው።

ኤሎይሳ በተራ ወታደርነት ጀምረው እስከ ሃምሳ አለቃ ደረሱ። ከሥራ በኋላ እየተማሩ በ1980 በሒሳብ ዲግሪያቸውን ያዙ፤ በቀጣዩ ዓመትም የመኮንንነት ኮርስ ጨርሰው ምክትል መቶ አለቃ ሆኑ። የተመደቡት የአየርና የሚሳይል መከላከያ ዕዝ ውስጥ ነው። የዕዙ ሥራ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ወደ ወገን የሚመጣን አውሮፕላንና ሚሳይል በራዳር ማየት፣ ጠላት መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከመድረሱ በፊት መምታት። ከሦስቱ የሚከብደው የቱ ነው ተብለው ሲጠየቁ ሁልጊዜ «መካከለኛው» ይሉ ነበር።

በ1982 ከፖስታ አዳዩ ከአቶ ኔስቶር ኪንታና ጋር በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። አቶ ኔስቶር ወደ ጦር ሰፈሩ መኖሪያ ደብዳቤ ያደርሱ የነበረ ሲሆን፣ ሻምበል ኤሎይሳ በኋላ እንደሚሉት ማስታወቂያ ብቻ ለሚመጣላት ሴት በየቀኑ በር አንኳኩቶ የሚሰጥ ፖስታ አዳይ ሌላ ሐሳብ አለው ማለት ነው። በ1983 ሂሜናን፣ በ1986 ፋቢያንን ወለዱ።

በቤታቸው ሕግ ነበረ። ጫማ በሰልፍ ይደረደራል። ከእራት በፊት የቤት ሥራ ይታያል። ለገና በበቆሎ ቅጠል የሚጠቀለለው ታማሌ ሲሠራ ሊጥ የሚያቦካው፣ ቅጠል የሚያጥበው፣ የሚጠቀልለው ሁሉ በወረቀት ላይ በስሙ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቦታውን ጥሎ የሄደ ሰው መጨረሻ ይበላል። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሃያ ዓመት ዘምረዋል። ድምፃቸው ለዚያ የተፈጠረ አልነበረም፤ ማንም ሰው ግን ሊነግራቸው አልደፈረም። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በእናታቸው ቤት ሽያጭ ምክንያት ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል። ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሂላሪዮ ስለሆነ ጥፋቱ የማን እንደነበረ እዚህ አይነሣም። መጀመሪያ ስልክ የደወሉት ግን እሳቸው ናቸው።

በ1991 ፌብሩዋሪ ወር ሻምበል ኤሎይሳ ሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ላይ የሚያዙት የአየር መከላከያ ምድብ በረሃ ውስጥ ሰፍሮ፣ ከኋላው የነበረውን የአውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቅ ነበር። በምድቡ ሰማንያ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ሚሳይሉ የሚታዘዘው መስኮት ከሌላት የጭነት መኪና ውስጥ ነው፤ በውስጧ ሁለት ወንበርና ሁለት ስክሪን አለ። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በአንደኛው ወንበር ሻምበል ኤሎይሳ፣ በሌላው የሉዊዚያናው ተወላጅ ሃምሳ አለቃ ዌንደል ቲቦዶ ተቀምጠው ነበር። ማሽኑ ራሱ አስልቶ ራሱ እንዲተኩስ ማድረግ ይቻል ነበር። ሻምበል ኤሎይሳ ግን ከሰፈሩበት ቀን ጀምሮ የመተኮሱን ሥልጣን በሰው እጅ አድርገውት ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም ከሰሜን አንድ ነገር ስክሪኑ ላይ ታየ። ቁልቁል እየወረደ በቀጥታ ወደ እነሱ ይመጣል። የወገን አውሮፕላን ሲጠየቅ የሚሰጠውን የመለያ ምልክት አልሰጠም። ማሽኑ ሚሳይል ነው ብሎ ፈረጀው። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ሚሳይል በራሱ ላይ የተነጣጠረበት ምድብ ማንንም ሳያስፈቅድ ይተኩሳል። ሻምበል ኤሎይሳ የበላይ አካልን በሬዲዮ ጠየቁ፤ «ጠብቁ» የሚል መልስ ብቻ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለቱም ሰዎች በየፊናቸው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ተርከውታል።

«ሻምበል፣ ወደኛ ነው የሚመጣው» አሉ ሃምሳ አለቃ ዌንደል።

«አይቼዋለሁ።»

«ማሽኑ ሚሳይል ነው እያለ ነው። ምን እንጠብቃለን?»

«ፍጥነቱን አንብብልኝ።»

አነበቡላቸው።

«ድገመው።»

ደገሙት። ቁጥሩ ቀንሶ ነበር።

«ዌንደል፣ ይሄ ነገር ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ሚሳይል ፍሬን የለውም።»

«ቢሆንስ? ሚሳይል ቢሆንስ ሻምበል?»

«ከሆነ አብረን ነን። እጅህን አንሣ።»

የሃምሳ አለቃው እጅ መተኮሻው ላይ ነበር። ሻምበል ኤሎይሳ በራሳቸው እጅ ከላዩ ላይ አነሡት። ነገሩ ስክሪኑ ላይ ከታየበት እስከ ደረሰባቸው ድረስ አርባ አንድ ሰከንድ ነው። ከዚያ በራሳቸው ላይ ድምፁ አለፈ፤ የወጥ ቤቱ ድንኳን ተነቅሎ ወደቀ። ሁለት ሰው የያዘ የወገን አውሮፕላን ነበር። በጥይት ተመትቶ ሬዲዮውም መለያውም ተቃጥሏል፤ አንዱ ሞተሩ እየጨሰ ከኋላቸው ካለው ማረፊያ ለማረፍ ይወርድ ነበር። አረፈም።

ሻምበል ኤሎይሳ ከመኪናው ወርደው ከጎማው ኋላ አስመለሳቸው። ይህን የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። «ጀግና ነበረች የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይቺንም ጨምራችሁ ንገሩት» ይሉን ነበር። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ እርግጠኛ እንዳልነበሩም አልደበቁም። ሰማንያ ስድስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ያውቋቸው ነበር፤ ከመኪናዋ ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ወጥ ሠሪዎቹ ሽንኩርት እየላጡ እንደነበረም ያውቁ ነበር። ከተሳሳቱ ለእነዚያ ሁሉ ቤተሰቦች የሚሰጡት መልስ አልነበራቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት አጣሪ ቦርድ ተሰየመ። ሻምበል ኤሎይሳ የሚመሰገኑ መስሏቸው አልገቡም፤ የሚከሰሱ መስሏቸውም አልገቡም። የቦርዱ ሰብሳቢ የነበሩት ኮሎኔል ደንቡን አነበቡላቸውና፣ «ዕድለኛ ነሽ እንጂ ትክክል አልነበርሽም» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ዕድል ከነበረ በሚቀጥለው ጊዜ በዕድል አንታመን። ማሽኑ ለምን አውሮፕላኑን ሚሳይል እንዳለው ይፈተሽ።»

«እዚህ የተሰበሰብነው ስለ ማሽኑ ልንነጋገር አይደለም።»

«እኔ ግን ስለ እሱ ነው የምነጋገረው» አሉ።

ይህ አነጋገር አልጠቀማቸውም። የባሰው ግን የሃምሳ አለቃ ዌንደል ቃል ነበር። ሃምሳ አለቃው ፍጥነቱን አንብበው እንደሆነ ሲጠየቁ «አላስታውስም» ብለው ፈረሙ። በዚህም የሻምበሏ ውሳኔ ያለ ምንም ማስረጃ የተወሰደ ሆኖ ተመዘገበ። «የምድቧን ሕይወት ለአደጋ አጋልጣለች» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከግል ማኅደራቸው ገባ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች እራት ሊጋብዟቸው ሰው ልከው ነበር፤ ምስጋና ፍለጋ ሄደች እንዳይባል አልሄዱም።

ወደ ቤት ሲመለሱ በከተማው የአየር መከላከያ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። ሁለት ጊዜ ለሻለቃነት ቀርበው ሁለት ጊዜ ታለፉ። አንድ አለቃቸው ነገሩን በጸጥታ ለመዝጋት ሐሳብ አቅርበውላቸው ነበር፤ ስህተታቸውን አምነው ቢፈርሙ ማስጠንቀቂያው ከጊዜ በኋላ ይነሣል፣ ማዕረጉም ይመጣል። ሻምበል ኤሎይሳ አልፈረሙም። ይልቁንም ማሽኑ ይፈተሽ እያሉ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። የጻፉት ሁሉ ተገልብጦ በቤት ውስጥ አለ፤ አርባ ሦስት ነው።

ይህ ነገር ቤቱን አልጎዳም ማለት ውሸት ነው። አቶ ኔስቶር አንድ ጊዜ፣ «ኤሎይሳ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ተሸክሜ እመጣለሁ፤ እቤት ስገባም ደብዳቤ ነው። ስንት ቀረሽ?» ብለዋቸዋል።

«እስኪመልሱልኝ ድረስ ያለው ነው የቀረኝ።»

ሂሜና በአሥራ ሁለት ዓመቷ የትምህርት ቤት ድራማዋ ላይ እናቷ በስብሰባ ምክንያት ሳይመጡ ሲቀሩ በቀጥታ ጠየቀቻቸው። «ሰዎቹ አልሞቱም። አንቺም አልታሰርሽም። ለምን አትተይውም?»

ሻምበል ኤሎይሳ ይቅርታ ጠየቋትና አጠገቧ ተቀመጡ። «እዚያ ወንበር ላይ ዛሬም አንድ ሰው ተቀምጧል» አሏት። «የተማረው ከኔ ነው። ማሽኑ የሚለውን እመን ብዬ አስተምሬው ነገ የወገኑን ሰው ቢገድል፣ የገደልኩት እኔ ነኝ።» ሂሜና በዚያን ቀን እንዳልተስማማች ራሷ ትናገራለች። ዛሬ የሒሳብ መምህርት ናት።

በ1996 ሃያ ዓመት አገልግለው በሻምበልነት ማዕረግ ጡረታ ወጡ። በቀጣዩ ሰኞ በሲቪል አስተማሪነት ወደዚያው ክፍል ተመለሱ። ተማሪዎቻቸው ይፈሯቸውም ይወዷቸውም ነበር። ክፍል ውስጥ እሳቸውን ዝም ማሰኘት የቻለ አንድ መልስ ብቻ እንደነበረ ይነገራል፤ እሱም «አላውቅም፣ ልየው» የሚለው ነው። ይህን የመለሰ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር።

በ1998 ኤፕሪል፣ በአንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራፋቸው ላይ አንድ የሉዊዚያና ታርጋ ያለው አሮጌ መኪና ቆሞ አገኙ። ሃምሳ አለቃ ዌንደል ቲቦዶ ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ሁለት ቀን ነድተው ነው የመጡት። ሻምበል ኤሎይሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ስማቸውን በቤቱ ውስጥ አንሥተው አያውቁም ነበር።

«ሻምበል፣ ያን ቀን ፍጥነቱን አንብቤልዎታለሁ» አሉ ሃምሳ አለቃው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። «ሁለት ጊዜ። አላስታውስም ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። ለጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶኝ ነበር፤ ፈራሁ።»

አቶ ኔስቶር በሩን ይዘው ቆመው ማንኛቸውን ቀድመው እንደሚያስገቡ ግራ ገባቸው።

«ምሳ በልተሃል?» አሉ ሻምበል ኤሎይሳ።

«አልበላሁም።»

«ግባ።»

የበሬ ሾርባ ቀረበላቸው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሻምበል ኤሎይሳ አነሡትና በቦታው ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጡ። «አሁን የነገርከኝን ጻፈው። ቀኑንም አትርሳ» አሉ። ሃምሳ አለቃ ዌንደል በዚያ ጠረጴዛ ላይ አራት ገጽ ጻፉ። ከዚያች እሑድ በኋላ ጓደኛሞች ሆነው ኖረዋል፤ ለገና ታማሌ ሲሠራም የሃምሳ አለቃው ስም ከቅጠል አጣቢዎቹ መካከል ይለጠፍ ነበር።

ያ ጽሑፍ በአርባ ሦስተኛው ደብዳቤ ውስጥ ተያይዞ ሄደ። ዕዙን አዲስ የተረከቡት ጀኔራል ደብዳቤውን አንብበው፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሙከራ እንዲደረግ አዘዙ። ሰው የሌለበት አውሮፕላን በዚያን ቀን በነበረው ከፍታና ፍጥነት፣ መለያው ተዘግቶ፣ እየወረደ እንዲያልፍ ተደረገ። ማሽኑ ለብቻው ተተወ፤ ማስወንጨፊያው ውስጥ ግን ሚሳይል አልነበረም። በአምስት ጉዞ ሦስት ጊዜ አውሮፕላኑን ሚሳይል ነው ብሎ ለመተኮስ ወሰነ። ጀኔራሉ ከሦስተኛው በኋላ ወደ ሻምበል ኤሎይሳ ዞረው፣ «ስንት ዓመት ነው ይህን ስትነግሪን የኖርሽው?» አሏቸው።

«ሰባት ዓመት ከስምንት ወር፣ ጌታዬ።»

«ለምን አልሰማንሽም?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የማሽኑ ስሌት ተስተካከለ፤ የሥልጠና መጽሐፉም ተቀየረ። ማንኛውም ተኳሽ ከመተኮሱ በፊት ፍጥነቱን በድምፅ ሁለት ጊዜ አንብቦ ለውጡን እንዲናገር ታዘዘ። ወታደሮቹ «ሁለቱ ንባብ» ይሉታል። በመጽሐፉ ላይ የማንም ስም አልተጻፈም፤ ሻምበል ኤሎይሳም እንዲጻፍ አልጠየቁም። የጠየቁት የማኅደሩን ወረቀት ነው። ለእሱ የተሰጣቸው መልስ የይግባኝ ጊዜው አልፏል የሚል ነበር።

እስከ 2015 ድረስ አስተምረዋል። በሳቸው እጅ ያለፉት ተማሪዎች ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሰፈሩ ልጆች ሒሳብ ያስጠኑ ነበር። ሲያስጠኑ ዋጋ አይቀበሉም፤ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ግን አዳራሹን ይጠርጋል።

በ2016 ኩላሊታቸው ሥራ አቆመና በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ጀመሩ። በእጥበቱ ወንበር ላይ እንኳ አርፈው አልተቀመጡም፤ የማሽኑን ቁጥሮች እያነበቡ ነርሶቹን ሲጠይቁ ይውሉ ነበር። ነርሶቹ በመጨረሻ ተሸንፈው ቁጥሩን ራሳቸው ቀድመው ይነግሯቸው ጀመር።

በ2018 ዲሴምበር ወር መጀመሪያ የቀድሞ ተማሪያቸው የነበሩትና አሁን በዕዙ ውስጥ የሚያገለግሉት ኮሎኔል ብሪጅት ሃላንድ ወደ ቤት መጡ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንድ ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ነበር። ኮሎኔሏ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሱ ያስፈጸሙት ነገር ነው። ሻምበል ኤሎይሳ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደብዳቤው ከረጅም አገልግሎታቸውና ከጤናቸው ሁኔታ አንጻር የ1991ዱ ማስጠንቀቂያ በይቅርታ መነሣቱን ይገልጻል።

«ይቅርታ ማን ጠየቀ?» አሉ።

«ሻምበል፣ ዋናው ነገር ከማኅደርዎ መውጣቱ ነው» አሉ ኮሎኔሏ።

«ለኔ ዋናው እሱ አይደለም፣ ብሪጅት። ይሄ ወረቀት ማሽኑ ልክ ነበር፣ ሴትዮዋ ግን ታማለችና እንተዋት ነው የሚለው። ነገ አንድ መቶ አለቃ ይህን ቢያነብ ምን ይማራል?»

ደብዳቤውን አጥፈው መለሱላቸው። ኮሎኔሏ ደብዳቤውን እንደገና ሊያስጽፉ ይዘው ከሄዱ በኋላ ቤቱ ውስጥ ንግግር ከበደ። ሐኪሞቹ የነገሩንን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሂሜና መናገር ያለባትን ተናገረች።

«እማዬ፣ ተቀበዪው። ጊዜ የለሽም።»

«ጊዜ ከሌለኝ እነሱ ይፍጠኑ» አሉ ሻምበል ኤሎይሳ።

ገና አለፈ። ጃንዋሪም አለፈ። ሻምበል ኤሎይሳ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ገብተው ወጡ። በመጨረሻው ጊዜ ቤቴ ውሰዱኝ ብለው በመስኮት ተራራው ከሚታይበት ክፍል ተኙ። በየቀኑ ጠዋት አቶ ኔስቶርን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነበር፣ «ደብዳቤው መጣ?»፤ አቶ ኔስቶርም ሠላሳ ስምንት ዓመት ለሰው ደብዳቤ ያደረሱ ሰው፣ በራሳቸው ቤት ሳጥን አጠገብ ቆመው ፖስታ ይጠብቁ ነበር።

ዓርብ ፌብሩዋሪ 8 ቀን ኮሎኔል ብሪጅት ራሳቸው ይዘውት መጡ። ሂሜና ከአልጋው አጠገብ ቆማ አነበበች፦ «ሻምበል ኤሎይሳ ባራሃስ በዕለቱ የወሰዱት ውሳኔ በነበራቸው መረጃ ላይ የተመሠረተና ትክክል ነበር። ማስጠንቀቂያው የተሰጣቸው በስህተት ነው።»

ሻምበል ኤሎይሳ ድገሚው አሏት። ደገመች። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው በራሳቸው ዓይን አንድ ጊዜ አነበቡትና ለኮሎኔሏ፣ «ግልባጩን ለትምህርት ቤቱ ስጪልኝ። ዋናውን ማኅደሩ ውስጥ ክተቺው፤ ቦታው እዚያ ነው» አሉ። ኮሎኔሏ ቆመው ሰላምታ ሰጧቸው። ሻምበል ኤሎይሳ እጃቸው እስከ ግንባራቸው አልደርስ ሲላቸው አቶ ኔስቶር ክርናቸውን ደገፏቸውና ሰላምታውን መለሱ። በዚያን ዕለት እራታቸውን በልተዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር።

ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት በቤታቸው ዐረፉ።

ሻምበል ኤሎይሳ ባለቤታቸውን አቶ ኔስቶር ኪንታናን፣ ልጆቻቸውን ሂሜናንና ፋቢያንን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ሂላሪዮን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ሬሳቸውን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች ፊተኛው ሃምሳ አለቃ ዌንደል ቲቦዶ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሸክሙን ለጎረምሶቹ ይተዉላቸው ብንላቸው «እኔ ነኝ የማነሣት» ብለው እምቢ አሉን። ከበስተኋላ የቆማችሁትን፣ በዚያ አውሮፕላን ውስጥ የነበራችሁትን ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ቤተሰቡ ዛሬ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው የተዋወቃችሁ። ከነልጆቻችሁና ከነልጅ ልጆቻችሁ አሥራ አንድ ሆናችሁ መጥታችኋል። እሳቸው ያላገኟችሁን እኛ አግኝተናችኋልና፣ ከቀብሩ በኋላ ሳትበሉ እንዳትሄዱ፤ ይህ የሻምበሏ ቤት ሕግ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። ለአቶ ኔስቶርና ለልጆቻቸው መጽናናትን ያውርድ። እኛንም በየወንበራችን ስንቀመጥ ደጋግመን የምናይበትን ልቡና አይንሣን። አሜን።